በጀሪካንና በደብተር ጡንቻ ማሳደግ፦ ክብደት መጨመሩ የት፣ ባሉበት ይዞ መቆየቱ የት?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ወጣቱ ሮጦ ሲጨርስ ሳሩ ላይ ፕላንክ ይይዛል (በክርኑና በእግር ጣቶቹ ተደግፎ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ይቆያል)፣ ግንድ ተደግፎ ይገፋል፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ወንበር እንደሌለው ሰው ይቀመጣል። እግሩ እስኪንቀጠቀጥ ይታገላል። ከስድስት ወር በኋላ ስታገኙት ግን ያው ክንድ፣ ያው ደረት ነው።

ሌላው ደግሞ ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ የሞላ ጣሳ በቧንቧ ጫፍና ጫፍ ተክሎ ያነሳል። ይህኛው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያድጋል፣ ከዚያ ይቆማል። ክብደቱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አልተለወጠም። ሲሚንቶው ደርቋል።

ሁለቱም ሰነፎች አይደሉም። ችግራቸው ድካምን ከዕድገት ጋር ማምታታታቸው ነው። ጡንቻ የሚያድገው የለመደውን ሥራ ስለደገመ ሳይሆን ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁለቱን ዘዴዎች አነጻጽሮ የትኛውን የት እንደምትጠቀሙ ያሳያል። አንዱ ክብደት እየጨመሩ መሥራት ነው። ሌላው አይሶሜትሪክ ነው፤ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ጡንቻን ወጥሮ ባሉበት መቆየት ማለት ነው።

ውሳኔዬን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዋናው ሥራችሁ ክብደት እየጨመሩ ማንሳት ይሁን። አይሶሜትሪክ ጡንቻ አያሳድግም የሚለው ወሬ ስህተት ነው፤ በቂ ጉልበት ከተሰጠው ያሳድጋል። ግን ለመለካት ያስቸግራል። ያልተለካ ነገር ደግሞ መጨመሩን ማወቅ አይቻልም። ግድግዳ ስትገፉ ዛሬ ከትናንት በላይ መግፋታችሁን ግድግዳው አይነግራችሁም። ጀሪካን ግን ይነግራችኋል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው።

1. መጀመሪያ፦ ማን ሐኪም ይጠይቅ?

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ቡአ፣ ወይም በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ነፍሰ ጡሮችም እንደዚያው።

በተለይ ስለ አይሶሜትሪክ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጡንቻ ተወጥሮ ሲቆይ በዚያው ቅጽበት የደም ግፊት ከፍ ይላል። ትንፋሽ ከተያዘበት ደግሞ ይብስበታል። ቀስ ብሎ በሥርዓት ከተሠራ ግን በሳምንታት ውስጥ ግፊትን ዝቅ ለማድረግ እንደሚረዳ ታይቷል። ስለዚህ ግፊት ያለበት ሰው ለዘላለም የተከለከለ አይደለም። ያለ ሐኪም ምክር ይሞክር ማለት ግን አይደለም።

2. ዕቃ አዘጋጁ

ጂም መክፈል የምትችሉ ክፈሉ፤ ደረጃዎቹ እዚያም ይሠራሉ። ለማትችሉት ይህ ይበቃል፦

- ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ባለ 5 ሊትርም ሁለት ካገኛችሁ ለትከሻ ይጠቅማል።
- አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። መለኪያችሁ እሱ ነው።
- ጠንካራ የጀርባ ቦርሳ።
- የማይሳብ ወፍራም ገመድ፣ ሁለት ሜትር አካባቢ።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ደብተር ግን አይዘጋም፣ መልእክትም አያሳያችሁም።

ጀሪካኑን እንዲህ አዘጋጁት። በሃይላንዱ እየለካችሁ ውሃ ጨምሩ። በየ2 ሊትሩ ጎኑ ላይ በማይለቅ ማርከር መስመር አስምሩ፣ ቁጥሩንም ጻፉ። ከክዳኑ ሥር ቁራጭ ፌስታል አድርጋችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። የሚያንጠባጥብ ጀሪካን የሲሚንቶ ወለልን ያንሸራትታል፤ ወድቃችሁ እጃችሁን ልትሰብሩ ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር የቤት ሰው ከጀሪካናችሁ መቅዳቱ አይቀርም። ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ መስመሩን እዩ። ደብተሩ 14 ሊትር እያለ እናንተ 11 እያነሳችሁ ከሆነ ሳምንቱ ባከነ።

እጀታውን ደግሞ በደንብ ፈትሹት። ፀሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን እጀታው ይሰነጠቃል። እኔ አሮጌ ጀሪካን ወደ ላይ ስገፋ እጀታው ተበጥሶ ትከሻዬን ስቶ ወርዷል። ትንሽ ቢጠጋ ጭንቅላቴን ነበር። ከጭንቅላት በላይ ለሚነሳ ሥራ አዲስ ጀሪካን ብቻ ተጠቀሙ።

3. ልዩነቱን በገዛ ክንዳችሁ እዩት

ይህን ሙከራ አትዝለሉት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ የቀረው ሁሉ የሚገባችሁ ከዚህ በኋላ ነው።

1) ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ውስጥ 8 ሊትር ውሃ አድርጉ። በአንድ እጅ ያዙት። ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ባለበት አቆዩት። ሰከንድ ቁጠሩ።

2) ሁለት ደቂቃ ዕረፉ። ያንኑ ጀሪካን ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አጥፉ። ስንት ጊዜ እንደቻላችሁ ቁጠሩ።

ብዙ ሰው 90 ዲግሪ ላይ ደህና ይቆያል፤ ከታች ሲጀምር ግን ይንገዳገዳል። አይሶሜትሪክ የሚያመጣው ጉልበት ከተለማመዳችሁበት አንግል ብዙ አይርቅም። ወደዚያና ወደዚህ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ቢዘልቅ ነው። ሌላው ቦታ ልምምዱ አልደረሰበትም። ጡንቻው ተለጥጦ ባለበት ቦታ ከተያዘ ግን ጉልበቱ ወደ ሌሎች አንግሎችም ሰፋ ብሎ ይደርሳል። ለዕድገትም ይሻላል። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ ደረጃ 7 ላይ እንመለስባታለን።

ሁለቱንም ቁጥር በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ጻፉ፣ ቀኑንም።

4. መነሻ ክብደት አግኙ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጓደኛ እያየ ከባድ ያነሳል፣ በሦስተኛው ቀን ወገቡን ይይዛል።

ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ እንዲህ አድርጉ፦

- ቀላል በሚመስላችሁ ክብደት 10 ጊዜ ሥሩ።
- «ገና ስንት ይቀረኛል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። 5 እና ከዚያ በላይ ከቀራችሁ 2 ሊትር ጨምሩ።
- 2 ደቂቃ ዕረፉና ድገሙ።
- 10 ጊዜ ሠርታችሁ 2 ብቻ ሲቀራችሁ ቁሙ። መነሻችሁ ያ ነው።

ጀማሪ ስንት እንደቀረው በትክክል አያውቅም። ብዙውን ጊዜ 2 ቀረኝ ሲል 5 ይቀረዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፑሽ አፕ ላይ ብቻ፣ አንድ ዙር እስከማትችሉ ድረስ ሂዱ። ፑሽ አፕ ላይ ብትሸነፉ ደረታችሁ መሬት ይነካል እንጂ የሚወድቅባችሁ ነገር የለም። ያቺን ስሜት ካወቃችኋት በኋላ ግምታችሁ ይስተካከላል።

5. የሳምንቱ ሥራ

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሦስቱንም ቀን አንድ ዓይነት። የሐዋሳ ቀትር ፀሐይ ቀልድ አይደለም፤ ጠዋት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ሥሩ።

መጀመሪያ 5 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በግማሽ ክብደት 8 ጊዜ ሥሩ። ቀጥሎ 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። በዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፉ። «ቶሎ ቶሎ ካልተሠራ አይጠቅምም» የሚላችሁን አትስሙ። ዕረፍት ሲያጥር ቀጣዩ ዙር ላይ የምታነሱት ያንሳል፤ የሚደክመው ሳንባችሁ ነው።

ሀ) ቁጢጥ ብድግ። ጀሪካኑን ከደረታችሁ አስጠጉ። ሁለት እጃችሁ ከሥሩ ይደግፈው እንጂ እጀታውን አትያዙ። እግር በትከሻ ስፋት። በ3 ሰከንድ ውረዱ፣ ጭናችሁ ቢያንስ ከመሬት ጋር እስኪስተካከል። ተረከዝ ከመሬት አይነሳ። የሚነሳባችሁ ከሆነ ተረከዛችሁ ሥር ስስ ጣውላ አድርጉ።

ለ) ከወገብ ማጠፍ። ጂም ቤት ዴድሊፍት ከሚሉት ወገን ነው። ሁለቱን ጀሪካኖች በግራና በቀኝ ያዙ። ጉልበት በትንሹ ይታጠፍ። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ግፉት፣ በር በመቀመጫችሁ የምትዘጉ ይመስል። ጀርባ ቀጥ ይበል። ከጭናችሁ ጀርባ ሲወጠር ተመለሱ።

ሐ) ወደ ሆድ መሳብ። አንድ እጃችሁን አግዳሚ ላይ ደግፉ፣ ጎንበስ በሉ፣ በሌላው እጅ ጀሪካኑን ወደ እምብርት ጎን ሳቡ። ክርን ወደ ኋላ ይሂድ። ትከሻ ወደ ጆሮ አይውጣ።

መ) ፑሽ አፕ። መሬት ላይ 8 የማይሞላላችሁ እጃችሁን አልጋ ወይም አግዳሚ ላይ አድርጉ። 12 የሚያልፍላችሁ ቦርሳ አዝላችሁ የታሸጉ ሃይላንዶች ጨምሩበት። ቦርሳው በትከሻዎች መካከል ይቀመጥ። ወገብ ላይ ከወረደ ያጎብጣችኋል።

ሠ) ወደ ላይ መግፋት። በባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች። ቆማችሁ፣ መቀመጫችሁን አጥብቃችሁ። ጀርባችሁ ወደ ኋላ ከታጠፈ ክብደቱ በዝቷል።

ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) የሚሠራበት ጠንካራ ብረት ያላችሁ በሐ ምትክ አንድ ቀን እሱን ሥሩ።

ግማሽ የሞላ ጀሪካን ውስጥ ውሃው ወዲያ ወዲህ ይላል። መጀመሪያ ያስቸግራል። መፍትሔው ዝግታ ነው። ውሃው ሲንገጫገጭ ከሰማችሁ እየተወረወረ ነው እንጂ እየተነሳ አይደለም።

6. ጭማሪው፦ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ነው

ደንቡ አጭር ነው። ሦስቱም ዙር ላይ 12 ሲሞላላችሁ ክብደት ጨምሩ። እስኪሞላ ድረስ ክብደቱን አትንኩ፣ ቁጥሩን አሳድጉ።

የአንድ ሰው ቁጢጥ ብድግ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

ሰኞ፦ 10 ሊትር፣ 10፣ 9፣ 8
ረቡዕ፦ 10 ሊትር፣ 11፣ 10፣ 9
ዓርብ፦ 10 ሊትር፣ 12፣ 11፣ 10
ሰኞ፦ 10 ሊትር፣ 12፣ 12፣ 11
ረቡዕ፦ 10 ሊትር፣ 12፣ 12፣ 12
ዓርብ፦ 11 ሊትር፣ 10፣ 9፣ 9

የመጨረሻው መስመር ላይ ቁጥሩ ወረደ። ብዙዎች እዚህ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ የደከሙ ይመስላቸዋል። መውረዱ የሚጠበቅ ነው። እንደገና ወደ 12 ትወጣላችሁ።

ምን ያህል ይጨመር? ለእግርና ለጀርባ አንድ ሊትር፣ ሁለት ሃይላንድ ማለት ነው። ለትከሻና ለክንድ ግማሽ ሊትር። ትንሽ ይመስላል፤ 5 ኪሎ ለሚገፋ ትከሻ ግን ግማሽ ኪሎ አንድ አሥረኛ ነው። ጂም የምትሠሩም ብትሆኑ ዳምቤሉ (በአንድ እጅ የሚነሳው ብረት) ከ10 ወደ 12 ተኩል ኪሎ ሲዘል የምትቸገሩት ለዚህ ነው። ያኔ ቁጥሩን እስከ 15 አድርሱና ከዚያ ዝለሉ።

ጀሪካኑ 20 ሊትር ሞልቶ 3 ጊዜ 12 ሲሆን ምን ይደረግ? በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

- መጀመሪያ ቁጥሩን ወደ 20 አሳድጉ። ከ5 እስከ 30 ጊዜ ባለው ሁሉ፣ ሌላ መድገም ወደማትችሉበት እስከተጠጋችሁ ድረስ፣ ጡንቻ ያድጋል። ከ30 ካለፈ ግን ክብደቱ ቀሏል።
- ቀጥሎ በአንድ እግር ሥሩ። አንዱን እግር ከኋላ አግዳሚ ላይ አድርጋችሁ በሌላው ቁጢጥ በሉ። 20 ኪሎው እንደ አዲስ ይከብዳል።
- በመጨረሻ ወደ አሸዋ እለፉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአሸዋ ሲሞላ ከ30 ኪሎ ያልፋል። እጀታው ለዚያ አልተሠራም። አሸዋውን ማዳበሪያ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን አስራችሁ እቀፉት።

በሳምንት ለአንድ ጡንቻ 10 ዙር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከላይ ያለው ፕሮግራም 9 ይሰጣችኋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ 20 አትዝለሉ።

7. አይሶሜትሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች

አሁን ወደ ፕላንኩና ግድግዳው። አትጣሉት፤ ቦታው ይስተካከል።

የመጀመሪያው ቦታ፦ የመጨረሻው ዙር መጨረሻ። ፑሽ አፕ ሦስተኛው ዙር ላይ ደረታችሁን ከመሬት ጥቂት ጣቶች ከፍ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ቆዩ። ቁጢጥ ብድግ ላይ ከታች ቆዩ። ጡንቻው ተለጥጦ ያለበት ቦታ ማለት ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚቆየው ክንዱ ተዘርግቶ፣ ከላይ ነው። እዚያ አጥንት ነው የሚሸከመው።

ሁለተኛው፦ የሚያግዳችሁ ቦታ። ፑል አፕ ስትሠሩ ግማሽ ደርሳችሁ ከቆማችሁ በወንበር ወጥታችሁ በዚያው ግማሽ ከፍታ ላይ ተንጠልጠሉ። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዙ፣ ከዚያ በዝግታ ውረዱ። 4 ጊዜ ይበቃል። አንግል እየመረጠ መሥራቱ እዚህ ጥቅም ይሆናል።

ሦስተኛው፦ ሆድ። ፕላንክ 3 ዙር፣ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ፣ መቀመጫና ሆድ ጥብቅ ብሎ። አንድ ደቂቃ ከቻላችሁ ደቂቃ አትጨምሩ፣ ክብደት ጨምሩ። አንድ እግር አንሱ ወይም ቦርሳውን አዝሉ። አምስት ደቂቃ ፕላንክ የሚይዝ ሰው ጽናቱን አደንቃለሁ። ለጡንቻ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ ያለው ብዙም አይጨምርለትም።

አራተኛው፦ ዕቃ የሌለበት ቀን። የተከራያችሁበት ቤት አከራይ ኮቴ ሲሰማ ይቆጣል? መንገድ ላይ ናችሁ? የሌሊት ተረኛ ናችሁ? ያኔ አይሶሜትሪክ ብቻውን ሙሉ ሥራ ይሁን። እንዲህ፦

1) ገመዱን በሁለት እግራችሁ ርገጡ። ጫፎቹን ይዛችሁ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉ፣ ለመነሳት ግፉ። ገመዱ አያስነሳችሁም።
2) በመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ጉልበቱን ቀስ በቀስ አምጡት። በድንገት መንጠቅ ጅማት ይጎዳል።
3) ከሙሉ ኃይላችሁ ከ10 እጅ ወደ 7 ወይም 8 ሲደርስ 20 ሰከንድ ያዙ። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም።
4) አንድ ደቂቃ ዕረፉ። 5 ጊዜ ድገሙ። በድምሩ 100 ሰከንድ ይሆናል። ለአንድ ጡንቻ በአንድ ቀን ከ80 እስከ 150 ሰከንድ ጥሩ ልክ ነው።
5) ለክንድም እንዲሁ አድርጉ። ክርናችሁ ከሞላ ጎደል ተዘርግቶ ይሁን፤ 90 ዲግሪን በሌላ ቀን።

እዚህም መለካት ካማራችሁ ገመዱን ተዉና ጀሪካን ይዛችሁ ቆዩ። ኪሎና ሰከንድ አላችሁ ማለት ነው። 30 ሰከንድ ሲሞላ አንድ ሊትር ጨምሩ። አይሶሜትሪክም ያኔ እየጨመረ የሚሄድ ሥራ ይሆናል፤ ጠላትነታቸው የለም።

8. ምግብ

ዝርዝሩን ለሌላ ጊዜ እተወዋለሁ። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.6 ግራም ፕሮቲን ያዙ። 60 ኪሎ ሰው 96 ግራም ገደማ ይፈልጋል።

ሦስት እንቁላል 18 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16፣ 150 ግራም የተጣራ የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ 30፣ 100 ግራም ጥሬ ምስር ተቀቅሎ 24። ድምሩ 88 ነው። የቀረውን እንጀራውና ዳቦው ይሞላዋል። በጾም ምስር፣ አተር፣ ቦሎቄ፣ ኦቾሎኒ ከፍ አድርጉ። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ያለ ዓሣ፣ ያለ አይብ ወይም ያለ ቦሎቄ ብቻውን አትብሉት።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዳችሁ ጥሬ ዓሣ ስትበሉ ለጡንቻ ብላችሁ ከሆነ ተዉት። ዓሣ ሲበስል ፕሮቲኑ አይጠፋም። ጥሬው ግን ጥገኛ ተውሳክ ሊያስይዝ ይችላል። ጥሬ እንቁላል መጠጣትም አይረዳም፤ የበሰለውን ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምበታል። «ቶሎ ያሳብጣል» ተብሎ በእጅ የሚሸጥ ኪኒንና መርፌ ደግሞ በፍጹም አትንኩ።

እንቅልፍ ከ7 ሰዓት አይነስ።

9. ማደጋችሁን እንዴት ታውቃላችሁ?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት ቶሎ ይጨምራል፤ ክንድ ግን አይወፍርም። ነርቮች ጡንቻውን ማዘዝ እየተማሩ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መስተዋት አይታችሁ አታቁሙ።

በየ4 ሳምንቱ ጠዋት፣ ሳትሠሩ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ክንድ፣ ደረትና ጭን ለኩ። ከሥራ በኋላ ከለካችሁ ደም የሞላው ጡንቻ ያታልላችኋል። በ12ኛው ሳምንት ወደ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ተመለሱና የደረጃ 3ን ሙከራ ድገሙ።

10. ነገር ሲበላሽ

ቁጥሩ ለሦስት ሳምንት ካልተነቃነቀ፦ መጀመሪያ እንቅልፍንና ምግብን ጠይቁ። ሁለቱ ደህና ከሆኑ አንድ ሳምንት ዙሮቹን በግማሽ ቀንሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ። አሁንም እምቢ ካለ ለዚያ እንቅስቃሴ ብቻ በሳምንት 2 ዙር ጨምሩ።

ሰውነት ሲተሳሰር፦ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የፎቅ ደረጃ መውረድ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። በ2ኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ይለቃል። ቀለል ያለ እርምጃ ይረዳል። ነገር ግን ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻው ካበጠ ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። «ነገ ይለቀኛል» አትበሉ።

ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሲያም፦ ቁጢጥ ብድጉን ለጊዜው ተዉ። ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ ሕመሙ ከ10 እጅ ከ3 በማይበልጥበት ከፍታ 45 ሰከንድ ቆዩ። 2 ደቂቃ እያረፋችሁ 5 ጊዜ። ለብዙ ሰው ሕመሙን ያስታግሳል፤ የጡንቻው ኃይልም አይጠፋም። ሲቀል በትንሽ ክብደት ወደ ማንሳቱ ተመለሱ። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳችሁ ግን ሐኪም ይየው። ያበጠ መገጣጠሚያ ለማሳሸት አትቸኩሉ።

ወገብ ሲይዝ፦ ከወገብ ማጠፉን አቁሙ። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግር ከደነዘዘ ሐኪም ጋ ሂዱ። ካልወረደ፣ ሲለቃችሁ በግማሽ ክብደት ጀምሩ፣ ከጎንም ስልክ አቁማችሁ ቅረጹ። ጀርባ ሲጎብጥ በቪዲዮ ይታያል፣ ሲሠሩት አይሰማም።

ራስ ሲያዞር፦ ተቀመጡ። አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽ ስለያዛችሁ ወይም ምንም ሳትበሉ ስለጀመራችሁ ነው። ስትገፉ አውጡ፣ ስትወርዱ አስገቡ። ደረት ላይ ሕመም ካለ ግን በቃ፤ ባጃጅ ጥሩና ሆስፒታል።

ግራው ከቀኙ ሲያንስ፦ ሁልጊዜ በደካማው ጀምሩ። ጠንካራው ደካማው በሠራው ቁጥር ይቁም። ለደካማው ተጨማሪ ዙር መጨመር ብዙም አያስፈልግም።

ሳምንታት ሲያመልጡ፦ አንድ ሳምንት ቢያመልጥ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ሦስትና አራት ሳምንት ከሆነ ከክብደቱ አምስተኛውን ቀንሱ። ከ15 ሊትር ወደ 12 ማለት ነው። የጠፋው መጀመሪያ ከመጣበት ፍጥነት በላይ ይመለሳል።

ያለው የሲሚንቶ ብረት ብቻ ሲሆን፦ አትጣሉት። መጀመሪያ ሁለቱን ጣሳዎች በየተራ ሚዛን ላይ አድርጓቸው። ሲሚንቶው እኩል ያልተሞላበት ብዙ ነው። ከዚያ በ8 ጀምራችሁ በዚያው ክብደት እስከ 20 ውጡ። 20 ሲሞላ መውረጃውን 4 ሰከንድ አድርጉት፣ ከታች ደግሞ 2 ሰከንድ ቆማችሁ እንደገና ከ8 ጀምሩ። ያም ሲያልቅ በብረቱ ግራና ቀኝ፣ ከጣሳዎቹ ጎን፣ የሞሉ ሃይላንዶች እኩል እሰሩ። ገመዱ እንዳይንሸራተት ሁለት ጊዜ ጠምጥሙት። ስንት ሃይላንድ እንደሆነ ደብተሩ ላይ ጻፉ።